ቢጫዋ መብራት ለማን ትበራለች?

አሜሪካ ውስጥ ያገለገለ ፒክአፕ የሚገዛ ሰው ብዙ ጊዜ የሚገጥመው ነገር አለ። ሲፈትሸው ዳሽቦርዱ ንጹሕ ነበር፤ ሞተሩም በአንድ ቁልፍ ተነሥቶለታል። ዋጋ ተከራክሮ፣ ገንዘብ ቆጥሮ፣ ወረቀት ፈርሞ ወደ ቤቱ ነድቶታል። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን የሞተር ቅርጽ ያላት ቢጫ መብራት ቦግ ትላለች። በዚያች ቅጽበት ትዝ የሚለው ሻጩ ነው። «እያወቀ ነው የሸጠልኝ» ይላል፤ ሁልጊዜም አይሳሳትም።

ቼክ ኢንጂን የምትባለው መብራት ግን ገዢን ከሻጭ ለመጠበቅ አልተፈጠረችም። ሾፌሩ መንገድ ላይ እንዳይቀር ለማስጠንቀቅም አይደለም፤ ለዚያ የዘይትና የሙቀት መብራቶች ከእሷ በፊት ነበሩ። የመጣችው ለከተማ አየር ሲባል ነው። ሕጉን ያረቀቁት ሰዎች ያሰቡት ለባለመኪናው ሳይሆን ከጭስ ማውጫው ኋላ ለሚተነፍሰው ሕዝብ ነበር። ሞተሩ ምንም ሳይሆን የምትበራበት፣ ሞተሩ እየተንኳኳ ደግሞ ዝም የምትልበት ምክንያት የሚገኘውም እዚሁ ታሪክ ውስጥ ነው።

ታሪኩ የሚነሣው ከሎስ አንጀለስ ነው። ጁላይ 26 ቀን 1943 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከተማዋን ዓይን የሚያቃጥልና ጉሮሮ የሚከረክር ጭጋግ ዋጣት። ዘመኑ የጦርነት ነበርና ጃፓን የመርዝ ጋዝ ለቀቀችብን ያሉ ነበሩ። ቀጥሎ ጣት የተቀሰረው በአሊሶ ጎዳና በነበረ፣ ለሰው ሠራሽ ጎማ የሚሆን ቡታዲን በሚያመርት ፋብሪካ ላይ ነው። ፋብሪካው ለጊዜው ተዘጋ። ጭጋጉ ግን አልሄደም።

ምሥጢሩን የፈታው ሆላንድ ተወልዶ በካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ተቋም ያስተምር የነበረው ኬሚስት አሪ ሃገን-ስሚት ነው። ሰውየው ያጠና የነበረው የአናናስን ጣዕምና ሽታ ነበር። ያንኑ የሽታ ምርምር መሣሪያውን ወደ ከተማዋ አየር አዞረና በ1950ዎቹ መጀመሪያ መልሱን ይፋ አደረገ፦ ከመኪናና ከነዳጅ ማጣሪያ የሚወጣው ሃይድሮካርቦን ከናይትሮጅን ኦክሳይዶች ጋር ሆኖ ፀሐይ ሲያገኘው ኦዞን ይወለዳል። ያ ኦዞን ነበር የከተማዋን ጎማዎች እየሰነጠቀ፣ የሰዉን ዓይን እያስለቀሰ የቆየው። የነዳጅ ኩባንያዎች ገንዘብ የከፈሉባቸው ተመራማሪዎች ውጤቱን ለማጣጣል ቢሞክሩም አልቻሉም። ካሊፎርኒያ በ1967 የአየር ሀብት ቦርድ የሚባለውን መሥሪያ ቤት በሕግ ስታቋቁም የመጀመሪያው ሊቀ መንበር የሆነው ይኸው የአናናስ ኬሚስት ነው።

ከዚያ ወዲህ ያለው ነገር ተያያዥ ነው። በ1970 መጨረሻ የጸደቀው የፌዴራል የንጹሕ አየር ሕግ አምራቾች ከጭስ ማውጫ የሚወጣውን መርዝ በ90 በመቶ እንዲቀንሱ አዘዘ። በ1975 ሞዴል መኪኖች ላይ ካታሊቲክ ኮንቨርተር መጣ። ኮንቨርተሩን እርሳስ ስለሚገድለው እርሳስ የሌለው ቤንዚን በየማደያው መቅረብ ነበረበት። (ከሠሃራ በታች ያሉ የአፍሪካ አገሮች እርሳስ ያለበትን ቤንዚን ሙሉ በሙሉ ያቆሙት በጃንዋሪ 2006 ነው። ከዚያ በፊት ኮንቨርተር ይዞ የመጣ መኪና እነዚህ አገሮች ሲደርስ ኮንቨርተሩ ብዙም ዕድሜ አልነበረውም።) ቀጥሎ ሦስት ዓይነት መርዛማ ጋዞችን አንድ ላይ የሚያጸዳ ኮንቨርተር ተሠራ፤ እሱ ደግሞ አስቸጋሪ ነበር። በደንብ የሚሠራው ለአንድ ኪሎ ቤንዚን 14.7 ኪሎ አየር ሲደርሰው ብቻ ነው፤ ትንሽ ቢበዛ ወይም ቢያንስ ሥራው ይጓደላል። ካርቡራተር ይህን ያህል ጥንቃቄ ከየት ያመጣል?

መልሱ ሴንሰርና ኮምፒውተር ሆነ። ቦሽ የሠራው፣ በጭሱ ውስጥ የቀረውን ኦክስጅን የሚለካው ሴንሰር በ1976 በቮልቮ መኪኖች ላይ ተገጥሞ ወደ ካሊፎርኒያ ገባ። በሰከንድ ውስጥ ደጋግሞ «በዛ»፣ «አነሰ» የሚለውን ይህን ምልክት ሰምቶ ነዳጁን የሚያስተካክል ኮምፒውተር ያስፈልግ ነበር። በ1981 ጄነራል ሞተርስ ለአሜሪካ ገበያ በሚያቀርባቸው የቤት መኪኖች ሁሉ ላይ ኮምፒውተር አስገባ። ከኮምፒውተሩ ጋር ዳሽቦርዱ ላይ የሞተር መብራት ብቅ አለች።

ሐሳቡ ቀላል ነበር። ኮምፒውተሩ ከሴንሰሩ የሚመጣው ነገር አልገባው ሲል በግምት መሥራት ይጀምራል፤ መኪናው ይሄዳል፣ ጭሱ ግን ይበላሻል። ሾፌሩ ይህን በጆሮም በአፍንጫም አያውቀውም። ስለዚህ አንድ ነገር ሊነግረው ይገባል።

የ1980ዎቹ መካኒኮች ከዚህች መብራት ጋር የተግባቡበት መንገድ ዛሬ ሲሰሙት ያስቃል። በጄነራል ሞተርስ መኪና ከዳሽቦርዱ ሥር ባለው ሶኬት ላይ ኤ እና ቢ የሚባሉትን ሁለት ቀዳዳዎች በወረቀት መያዣ ሽቦ ያገናኛሉ፤ ቁልፉን ሞተር ሳያስነሡ ይከፍታሉ፤ ከዚያ ቁጭ ብለው ብልጭታ ይቆጥራሉ። አንድ ብልጭታ፣ ፋታ፣ ሁለት ብልጭታ፦ 12። ይህ «ኮምፒውተሩ እየሠራ ነው» ማለት ነበር። ቀጥሎ 44 ከመጣ ኦክስጅን ሴንሰሩ ነዳጅ አነሰ ብሏል፤ 45 ከሆነ በዛ ብሏል። ክራይስለር ሽቦም አያስፈልገውም ነበር፤ ቁልፉን ሦስት ጊዜ አከታትሎ መክፈት ይበቃል፤ ቆጠራው ማለቁን 55 ይናገራል። ፎርድ ዘንድ ደግሞ መርፌ ያለው የቮልት መለኪያ ያስፈልጋል፤ መካኒኩ የመርፌውን ዝላይ ይቆጥራል፤ 11 የምሥራች ነው። ቶዮታ ሞተሩ አጠገብ ትንሽ ሣጥን አስቀምጦ ሁለት እግሮቿን በሽቦ እንዲያገናኙ አደረገ። ያን ዘመን የተሠሩት ኢንጀክሽን ኮሮላዎች ዛሬም ከአዲስ አበባ መንገድ ስላልጠፉ ይህ ጥበብ ሙሉ በሙሉ ታሪክ ሆኗል ማለት አይቻልም።

ካሊፎርኒያ ከ1988 ሞዴል ጀምሮ በግዛቷ የሚሸጥ መኪና ሁሉ የራሱን ብልሽት የሚናገር ሥርዓት እንዲኖረው አዘዘች። ትዕዛዙ ግን ሁለት ቀዳዳ ነበረው። አንደኛ፣ ሶኬቱም ኮዱም እንደየፋብሪካው ነው፤ የፎርድን የሚያውቅ መካኒክ ሆንዳ ሲመጣ ከሀ ይጀምራል። ሁለተኛውና የባሰው፣ ኮምፒውተሩ በአብዛኛው የሚያውቀው ሽቦ መበጠሱን ወይም ሴንሰር መሞቱን ነው። ኮንቨርተሩ ባዶ ቆርቆሮ ሆኖ ጭስ እንዳለ ቢያሳልፍ መብራቷ አትበራም። ሕጉ የወጣለት ዋና ነገር ሳይጠበቅ ቀረ ማለት ነው።

ስለዚህ የአየር ሀብት ቦርዱ ሁለተኛውን ደንብ ጻፈ። ኦቢዲ ሁለት የሚባለው ይህ ደንብ ከ1994 ሞዴሎች ጀምሮ፣ በ1996 በመላው አሜሪካ በሚሸጡ አዳዲስ የቤት መኪኖችና ቀላል ፒክአፖች ላይ ግዴታ ሆነ። አስራ ስድስት እግር ያለው ሶኬት ሾፌሩ ከተቀመጠበት በሚደረስበት ቦታ እንዲሆን ተወሰነ። አራተኛውና አምስተኛው እግር ኔጋቲቭ፣ አስራ ስድስተኛው ከባትሪ የሚመጣ ፖዘቲቭ ነው፤ የማንኛውም ፋብሪካ መኪና ቢሆን። ቋንቋው ግን ወዲያው አንድ አልሆነም። ጄነራል ሞተርስ አንድ፣ ፎርድ ሌላ፣ ክራይስለር ከአውሮፓና ከእስያ አምራቾች ጋር ሦስተኛ ይናገሩ ነበር። ሁሉም ካን በሚባለው መሥመር እንዲነጋገሩ የተደረገው በ2008 ነው።

ኮዱም ሥርዓት ያዘ። ፒ ሞተርና ካምቢዮ ነው። ቀጥሎ ዜሮ ከሆነ ኮዱ ለሁሉም መኪና አንድ ነው፤ አንድ ከሆነ የዚያ ፋብሪካ የራሱ ነው። ፒ0301 የመጀመሪያው ሲሊንደር በትክክል እየተኮሰ አይደለም፤ ፒ0420 ኮንቨርተሩ ደክሟል። ኮምፒውተሩ ይህን የሚያውቅበት መንገድ የደንቡ ጸሐፊዎች ምን ያህል እንደተራቀቁ ያሳያል። ከኮንቨርተሩ በፊትና በኋላ ሁለት ኦክስጅን ሴንሰር አለ። ኮንቨርተሩ ጤነኛ ከሆነ የፊተኛው ሴንሰር ይወዛወዛል፣ የኋለኛው ረጋ ብሎ ይቀመጣል። የኋለኛው እንደ ፊተኛው መወዛወዝ ሲጀምር ኮንቨርተሩ ሥራ ፈትቷል። የሲሊንደር አለመተኮስን ደግሞ የሚያውቀው ሞተሩ ሲዞር በየምቱ መሐል ያለችውን ጥቃቅን የፍጥነት መዋዠቅ በመለካት ነው። ይህ ጥፋት በርትቶ ኮንቨርተሩን የሚያቃጥል ደረጃ ሲደርስ መብራቷ መብራት ትታ ብልጭ ድርግም ትላለች። ያኔ ጋዙን መልቀቅና ዳር መያዝ ነው፤ ያልተቃጠለው ቤንዚን ኮንቨርተሩ ውስጥ ገብቶ እየነደደ ነውና።

የመብራቷ መለኪያ አየር መሆኑ በግልጽ የሚታየው በቁጥሩ ነው። አብዛኞቹ ክትትሎች የሚያስጠነቅቁት የጭሱ መርዝ ከተፈቀደው አንድ ተኩል እጥፍ ሊያልፍ በሚችልበት ጊዜ ነው። ከመኪናው የነዳጅ ታንክ የሚተነውን ቤንዚን በተመለከተ ደግሞ ደንቡ አንድ ሚሊሜትር የምታህል ቀዳዳ እንድትታወቅ ያዛል፤ በ2000ዎቹ ሞዴሎች ይህ ወደ ግማሽ ሚሊሜትር ወርዷል። የቤንዚን ክዳኑን ሳያጠብቅ የሄደ ሰው መብራቷን የሚያይበት ምክንያት ይህ ነው። ሞተሩ ምንም አልሆነም። በአንጻሩ የቢየላ ብሮንዚና ተበልቶ ሞተሩ ሊሰበር ሲቃረብ መብራቷ ምንም ላትል ትችላለች፤ ጭሱ ደህና ነዋ!

ወደ ፒክአፑ ገዢና ወደ ሦስተኛው ቀን እንመለስ። ኮምፒውተሩ አብዛኛውን ጥፋት አንድ ጊዜ አይቶ አይፈርድም። መጀመሪያ በልቡ ይይዘዋል፤ በሁለተኛው ጉዞ ሲደገም መብራቷን ያበራል። ለሦስት ጉዞ ተከታትሎ ካልታየ ያጠፋታል፤ ኮዱን ግን ሞተሩ ወደ 40 ጊዜ ያህል ሞቆ እስኪበርድ ድረስ አይረሳም። አሁን አንድ ሻጭ ገዢ ከመምጣቱ በፊት የባትሪውን ገመድ ፈትቶ ቢያስር፣ ወይም በርካሽ መሣሪያ ኮዱን ቢሰርዝ ምን ይሆናል? ዳሽቦርዱ ይጸዳል። መኪናው አዲሱ ባለቤት እጅ ከገባ በኋላ ሞቆ፣ ቀዝቅዞ፣ አውራ ጎዳና ወጥቶ ምርመራውን ይደግማል። ሁለት ጉዞ፣ ሁለት ወይም ሦስት ቀን።

የደንቡ ጸሐፊዎች ይህን ተንኮል አስቀድመው አስበውበታል፤ የተጨነቁት ግን ለገዢው ሳይሆን ለጭስ ምርመራ ጣቢያው ነበር። ኮድ ሲሰረዝ ኮምፒውተሩ የትኞቹን ምርመራዎች እንደጨረሰ የሚያሳየው ዝርዝርም አብሮ ይሰረዛል፤ «ዝግጁ አይደለም» የሚል ምልክት ይቀመጣል። በፌዴራሉ መመሪያ መሠረት የ2001ና ከዚያ ወዲህ ያለ ሞዴል ከአንድ በላይ ያልተጠናቀቀ ምርመራ ይዞ ከቀረበ ይመለሳል። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በሰሜን ቨርጂኒያ መኪና በየሁለት ዓመቱ ለዚህ ምርመራ ይቀርባል፤ ኮዱን ሰርዞ በዚያው ቀን ወደ ጣቢያው የሄደ ሰው ተመልሶ ሲነዳ ይሰነብታል። ከ2010 ሞዴሎች ጀምሮ ደግሞ በመሣሪያም ሆነ ባትሪ በመፍታት የማይጠፋ ቋሚ ኮድ መጣ፤ ኮምፒውተሩ ራሱ ጥፋቱ መስተካከሉን እስኪያረጋግጥ ይቆያል። ያገለገለ መኪና ሊገዛ የሄደ ሰው ሶኬቱ ላይ መሣሪያ ሰክቶ ከኮዱ ይልቅ ይህን «ዝግጁ» የሚለውን ዝርዝር ቢያይ የሚያተርፈው ይበልጣል። ሁሉም ባዶ ከሆነ ጥያቄ አለ። መሣሪያ ባይኖር እንኳ ቁልፉን ሞተር ሳያስነሣ ሲከፍት መብራቷ ለጥቂት ጊዜ መብራት አለባት፤ ካልበራች አምፖሏን ያወጣ ወይም የሸፈነ ሰው ይኖራል።

የዲዝል ፒክአፕ ገበያ ከዚህም የከፋ ታሪክ አለው። የጭስ ማጣሪያውን ነቅለው፣ ኮምፒውተሩን በሌላ ፕሮግራም አታለው የሚሸጡ ሞልተዋል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በ2020 እንዳስታወቀው በአሥር ዓመት ውስጥ እንዲህ የተነካካው ፒክአፕ ከ550,000 ይበልጣል። በእነዚህ መኪኖች ላይ መብራቷ አለመብራቷ የጤና ምልክት አይደለም። ትላልቅ ፋብሪካዎችም ቢሆኑ ከዚህ ንጹሕ አልነበሩም። በ2015 የተጋለጠው የቮልስዋገን ማጭበርበር በዓለም ዙሪያ 11 ሚሊዮን ያህል ዲዝል መኪኖችን የነካ ሲሆን፣ መኪናው ምርመራ ላይ መሆኑን የሚያውቅ ፕሮግራም ጭሱን ለዚያች ሰዓት ብቻ ያጸዳ ነበር። ጠባቂውም አጭበርባሪውም አንዱ ኮምፒውተር ስለነበር የማንም ዳሽቦርድ ላይ መብራት አልበራም። ነገሩን ያወጡት የዌስት ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የጭስ መለኪያ መኪናው ላይ ጭነው መንገድ ላይ እየነዱ ነው።

ከባድ የጭነት መኪና ለብቻው ዓለም ነው። ሶኬቱ ክብና ዘጠኝ እግር ነው። ኮዱም በፊደል አይጀምርም፤ አንዱ ቁጥር የተበላሸውን ክፍል፣ ሌላው የብልሽቱን ዓይነት ይናገራል። ለእነዚህ ካሊፎርኒያ የምርመራ ግዴታ የጣለችው ዘግይታ፣ ከ2010 ሞዴሎች ጀምራ ነው።

ኮዱ አንድ ከሆነ በኋላ ጋራዦች ውስጥ አዲስ ዓይነት ስሕተት ተወለደ፤ ኮዱን አንብቦ ዕቃ መቀየር። ለምሳሌ ፒ0171ን እንውሰድ። ኮምፒውተሩ ያለው «አየር በዝቷል፣ ወይም ነዳጅ አንሷል» ብቻ ነው። ምክንያቱ የተሰነጠቀ የአየር ቱቦ፣ የቆሸሸ የአየር መለኪያ ሴንሰር፣ የደከመ የነዳጅ ፓምፕ፣ የተደፈነ ፊልትሮ ወይም ከሴንሰሩ በፊት የሚያፈስ ጭስ ማውጫ ሊሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ ግን የሚቀየረው ወሬውን ያመጣው ኦክስጅን ሴንሰር ነው። በፒ0420 የሚደርሰው ኪሳራ ይብሳል፤ ኮንቨርተሩ ውስጥ ያለው ፕላቲነም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም ነውና ዋጋው አይቀመስም። ዘይት የሚበላ ሞተር ላይ አዲስ ኮንቨርተር መግጠም ደግሞ ገንዘብን በጭስ ማውጫ ማሳለፍ ነው። ጎበዝ መካኒክ ኮዱን ካየ በኋላ መብራቷ የበራችበትን ቅጽበት ያያል፤ ኮምፒውተሩ የዚያን ጊዜ ፍጥነት፣ ሙቀትና የሞተር ጭነት መዝግቦ ይዞለታል። ብልሽቱ ሞተሩ ቆሞ ሲሠራ የመጣ ከሆነ የአየር ቱቦዎቹን ይጠረጥራል፤ ዳገት ላይ ከሆነ ወደ ነዳጅ ፓምፑ ይሄዳል።

ይህን የማንበብ መብትም በነጻ የመጣ አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት መሣሪያው ውድ ነበር፤ ትንሽ ጋራዥ የሚቋቋመው አልነበረም። በ2005 ኤልም ኤሌክትሮኒክስ የተባለ የካናዳ ኩባንያ ኤልም 327 የሚባል ትንሽ ቺፕ አወጣ። የመጀመሪያው ዕትም ከቅጂ የሚከላከል ቁልፍ ስላልነበረው ቅጂው ዓለምን አጥለቀለቀ፤ ዛሬ በየገበያው በርካሽ የሚሸጡት፣ ከስልክ ጋር የሚገናኙት መሣሪያዎች አብዛኞቹ የዚያ ልጆች ናቸው። የፋብሪካው የራሱ ኮድና ፕሮግራም ግን በአከፋፋዩ እጅ ቀረ። የማሳቹሴትስ መራጮች በኖቬምበር 2012 ከ80 በመቶ በሚበልጥ ድምፅ አምራቾች ለአከፋፋዮቻቸው የሚሰጡትን መረጃ ለማንኛውም ጋራዥ በተመጣጣኝ ዋጋ እንዲሸጡ የሚያስገድድ ሕግ አጸደቁ። በ2014 አምራቾቹ ይህንኑ በመላ አገሪቱ ለመፈጸም ተስማሙ። በ2020 መራጮቹ ተመልሰው መኪና በአየር ላይ ለፋብሪካው የሚልከውን መረጃ ጨመሩበት፤ አምራቾች ያንን ይዘው ፍርድ ቤት ሄዱ።

አሁን ደግሞ ጭስ ማውጫ የሌለው መኪና መጥቷል። ደንቡ የተጻፈው ለጭስ ስለነበር የኤሌክትሪክ መኪና አምራቾች አስራ ስድስት እግሩን ሶኬትም ሆነ የጋራውን ኮድ የማቅረብ ግዴታ አልነበረባቸውም። ኢትዮጵያ በ2024 በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ስትከለክል የአዲስ አበባ ጋራዦች የገጠማቸው ይኸው ነው፤ የለመዱት መሣሪያ ብዙ የማይነግራቸው መኪና በራቸው ላይ ቆሟል። ካሊፎርኒያ ከ2026 ሞዴሎች ጀምሮ የኤሌክትሪክ መኪኖችም የጋራ ሶኬትና የጋራ መረጃ እንዲኖራቸው፣ ባትሪው ከመጀመሪያው ጉልበቱ ምን ያህል እንደቀረውም ባለቤቱ ያለ መሣሪያ ማየት እንዲችል የሚያዝ ደንብ አውጥታለች። ይህ ስለ ባትሪው የሚናገረው ድንጋጌ ያገለገለ መኪና የሚገዛውን ሰው በስሙ ጠርቶ አስቦለታል፤ ከዓላማዎቹ አንዱ ገዢው የባትሪውን ዕድሜ ከሻጩ አፍ ሳይሆን ከመኪናው ራሱ እንዲያውቅ ነው።